ቁጭ ብዬ እንግዳ መቀበል

መጀመሪያ የከዳኝ ደረጃው ነው። ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ከታች በጀሪካን ማውጣት የእኔ ሥራ ነው። ያንን ደረጃ ለዓመታት ጀሪካን ይዤ፣ ከጎረቤት ጋር እያወራሁ ስወጣው ኖሬ አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀጥ አልኩ። ትንፋሼ አልበቃ አለኝ። ጀሪካኑን አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩና ሰው ሲመጣ ስልኬን አውጥቼ የማወራ መሰልኩ። አላመመኝም፤ ደከመኝ ብቻ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ድካም ግራ ላጋባው ሰው ነው፤ በተለይ ደግሞ ታክመህ ድነሃል፣ ታክመሽ ድነሻል ተብሎ ድካሙ አልለቅ ላለው።

ያኔ ለድካሜ ሁሉም ሰው ምክንያት ነበረው። የሥራ ባልደረቦቼ ወፍረሽ ነው አሉኝ። ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ብሮንካይት ነው ብሎ የሳል ሽሮፕ ሰጠኝ፤ ሽሮፑ ሲያልቅ ደግሞ አስም ተባልኩና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ታዘዘልኝ። እኔም በበኩሌ ራሴን ሰነፍ አልኩት። እየቆየ ግን በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ። አንዱ ትራስ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ማንቀላፋት ጀመርኩ። ልቤ ያለ ምንም ምክንያት ይሮጥ ነበር።

ሥራዬ ካዛንቺስ ያለ ሆቴል ውስጥ ነው። ምድር ቤት ካለው ስልክ ክፍል በኦፕሬተርነት ጀምሬ፣ እንግዳ የመቀበሉን ሥራ ተምሬ፣ የሪሴፕሽን ሺፍት ኃላፊ ለመሆን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የቤታችን ደሞዝተኛም እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ የመጡ እንግዶችን ቁልፍ እያደልኩ ሳለሁ ፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ደበዘዘብኝ። ቁልፉ ሲወድቅ ሰማሁ። እኔ ስወድቅ ግን አልሰማሁም። አብራኝ የምትሠራው ቤቲ ናት ያነሳችኝ።

ሆስፒታል ኤኮ የሚሉትን የልብ አልትራሳውንድ ያነሳችኝ ዶክተር ፈጣንና ግልጽ ሰው ነበረች። "ሚትራል ስቴኖሲስ ይባላል" አለችኝ። "በግራ በኩል ያለው የልብሽ በር ጠቧል። ደሙ ማለፊያ አጥቶ ሳንባሽ ውስጥ ይጠራቀማል።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ፣ በልጅነቴ ጉሮሮዬን እያመመኝ መገጣጠሚያዬ አብጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። እናቴ የአዲግራት ሰው ናት፤ በትግርኛ እናቴ ለማለት አደይ ነው የምላት። አደይ ቶንሲሉንም፣ ጉልበቴ አብጦ ትምህርት ቤት የቀረሁበትንም ጊዜ አስታወሰች። ብርድ ነው ተብሎ በቅቤ ታሽቼ የተተወ ነገር ነበር። የልቤን በር ያጠበበው ያ ሳይታከም የቀረ ሕመም፣ ሩማቲክ ፊቨር የሚሉት፣ መሆኑን ዶክተሯ ስትነግረን አደይ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች። እሷ ላይ ልፈርድ አልቻልኩም፤ በዚያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር።

ባሉን ቫልቩሎፕላስቲ ለሚባለው ሕክምና ወረፋ ያዝኩ። ወራት ጠበቅሁ።

ተራዬ ደረሰ። ጠረጴዛው ይቀዘቅዛል። ሙሉ ማደንዘዣ አልሰጡኝም። ብሽሽቴን ብቻ አደነዘዙት። ቀጭን ቱቦ በደም ሥሬ ገብቶ ወደ ልቤ ሄደ። ጫፉ ላይ ፊኛ አለ። ፊኛው የጠበበው በር ውስጥ ገብቶ ይነፋል። "አሁን ልብሽ ዘለል ይላል፣ አትደንግጪ" አለኝ ሐኪሙ። ዘለለ። ደነገጥኩ። አደይ ብቻዋን ቀረች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ትንፋሽ ገባልኝ። እስከ ታች ድረስ ገባ።

በዚያው ዕለት በጀርባዬ ተኛሁ። ያ ብቻውን ተአምር ነበር። ሐኪሞቹ በውጤቱ ተደሰቱ፤ ክኒኖቼን፣ ሕመሙ እንዳይመለስ በየወሩ የምወጋውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊንና የሐኪም ፈቃድ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። በሩ ተከፍቷል፣ አበቃ፣ ድኛለሁ ብዬ ነበር። ማንም ያልነገረኝ ከዚያ የሚቀጥለውን ነው።

የሚቀጥለው ጠያቂ ነበር። አገራችን ውስጥ ታሞ የተነሳን ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ቂም ያስይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም መጣ። የእድሩ፣ የማኅበሩ፣ የሕንጻችን ነዋሪ፣ ከአደይ ጋር ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት እናቶች፣ የሆቴሉ ሠራተኞች በየሺፍታቸው። ብርቱካንና አጃ ቤቱን ሞላው። ፍቅራቸውን አልክድም፤ የሰው ፊት ማየት ደስ ይል ነበር። ግን አደይ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔንና ወንድሞቼን ያሳደገችበት አንድ ሕግ አላት፤ እንግዳ ቁጭ ተብሎ አይቀበልም። ከደጅ የገባው ሎተሪ አዟሪም ቢሆን ይነሱለታል። ትልቅ ሰው ከሆነማ ኖር ብሎ ብድግ ነው፤ በእግዜር እስኪል ቆሞ መጠበቅ፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም፣ ሲሄድ ደግሞ እስከ ደረጃው መሸኘት።

እኔም ተነሳሁ። ተነስቼ ሳልቀመጥ ሌላው ያንኳኳል። ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፣ የሶፋውን መደገፊያ ጨብጬ ፈገግ እላለሁ። ጠያቂውም ያየኝና አምሮብሻል፣ ምንም አልሆንሽም ይለኛል። ደረቴ ላይ ስፌት የለ፣ ፋሻ የለ። አንዷ ጎረቤታችን ቁስሉን አሳዪኝ ብላ ብሽሽቴ ላይ ያለችውን የመርፌ ጠባሳ የምታህል ነጥብ ስታይ በግልጽ ቅር አላት። የልብ ሕክምና ብሎ ነገር ይቺ ናት እንዴ የሚል ፊት ነበራት። እንዲያው ቢሰነጥቁኝ ይሻል ነበር ያልኩበት ቀን አለ። የማይታይ ሕመም ማስረጃ የለውም፤ የታመመው ሰው ራሱ መጠራጠር ይጀምራል።

ፈቃዴ ሲያልቅ ሥራ ገባሁ። ከቤቲ ጋር ተቃቅፈን ተላቀስን፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማም ከቢሯቸው ወርደው እንኳን ለዚህ አበቃሽ አሉኝ። ደስታው እስከ ምሳ ቆየ። ከምሳ በኋላ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ሪሴፕሽን ላይ መቆም፣ ማታ ያ ደረጃ። ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እዘረጋለሁ፣ ወዲያው በሩ ይንኳኳል፣ እነሳለሁ።

ከሪሴፕሽኑ ጀርባ የእንግዶች ሻንጣ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች። ሰው ሲቀንስ እዚያ እገባና ጠንካራ ሻንጣ መርጬ እቀመጥ ጀመር። ቤቲ እየሳቀች "ዛሬ ደግሞ በማን ሻንጣ ነሽ?" ትለኛለች። እኔ አልስቅም ነበር። እንግዳ መጣ ብላ ስትጠራኝ ብድግ ስል ደግሞ ያው ጨለማ ይመጣል። እንዲህ ባለ አንድ ቀን የተያዘ ክፍል ቁልፍ ለሌላ እንግዳ ሰጠሁ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲገባ ውስጥ ያለው እንግዳ ልብስ እየቀየረ ነበር። ጩኸቱ ሎቢ ድረስ ተሰማ።

አቶ ግርማ ቢሯቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ክፉ ቢሆኑ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። በጣም በለሰለሰ አነጋገር፣ ለእኔው አስበው፣ ወደ ስልክ ክፍል ብመለስ እንደሚሻል ነገሩኝ። እዚያ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ጀመርኩበት። እስከ ወሩ መጨረሻ እዚያው ሪሴፕሽን ላይ እንዲያዩኝ ለምኜ እሺ አሉኝ፤ አንድ ከፍ ያለ ወንበር ብቻ ከባንኮኒው ጀርባ እንዲፈቅዱልኝም ጠየቅሁ። የሐኪም ወረቀቴን አወጣሁ። ገና ሳያነቡት በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰናይት፣ ይኼ ሆቴል ነው" አሉኝ። "እንግዳ ቁጭ ተብሎ አይቀበልም።"

የአደይ ዓረፍተ ነገር። ቃል በቃል። ቤትም መቆም፣ ሥራም መቆም። የዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ በንዴት አለቀስኩ። ፊኛው በሩን ከፍቶልኝ በሕይወት አለሁ፤ ግን ያገኘሁትን ሕይወት ቆሜ ልኖረው አልቻልኩም። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የዓመታት ልፋቴ ተመልሶ ምድር ቤት ሊገባ ነው። ክኒኑን ሁሉ ወዲያ የመወርወር ሐሳብ ውል ብሎኝ ነበር። ደግነቱ የሐኪም ቀጠሮዬ ቀደመኝ።

ወደ ቀጠሮው አደይ አብራኝ ሄደች። ዶክተሯ ኤኮውን ደግማ አይታ በሩ እንደተከፈተ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው አለች። ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ጥሩ ከሆነ ለምን አልችልም፣ ለምንድን ነው እንደ አሮጊት የምሆነው ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። አልተቆጣችም። አልጋው ላይ አስተኛችኝና የደም ግፊቴን ለካች። ከዚያ አስቆመችኝና ወዲያው ደግማ ለካች። ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

"ስትነሺ ግፊትሽ በጣም ይወርዳል" አለችኝ። "የምትወስጃቸው ክኒኖች፣ የልብ ምት የሚቀንሰው ሜቶፕሮሎልና ውሃ በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስም፣ እዚህ ውስጥ እጃቸው አለበት። ስትነሺ የሚጨልምብሽ ለዚህ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ብድግ ትያለሽ?"

እኔ ከመመለሴ በፊት አደይ ገባችበት። ልጄ ቤት ውስጥ አርፋ ነው የምትውለው፣ ሥራ አትነካም፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው የምትነሳው አለቻት። ዶክተሯ ስንት እንግዳ ይመጣል ብላ ጠየቀቻት። አደይ በስም እየጠራች በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የባለፈውን እሑድ ብቻ ነበር የምትቆጥረው። አንዱ እጇ አለቀ፣ ወደ ሁለተኛው ተሻገረች፣ እሱም ሊያልቅ ሲል ቆጠራውን አቋረጠች። ጣቶቿን እንደዘረጋች ወደ እኔ አየች።

ዶክተሯ ላሲክሱን ቀነሰችልኝ፤ ደም አስመርምራ ትንሽ የደም ማነስም ስላገኘች የአይረን ክኒን ጨመረች። ከዚያ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "የልብሽ በር ተከፍቷል። አሁን መዳን ያለበት የቀረው ሰውነትሽ ነው። ለዓመታት በትንሽ ደም ሲሠራ የኖረ ጡንቻ በአንድ ቀን አይበረታም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተራመጂ። ከደከመሽ በኋላ ሳይሆን ከመድከምሽ በፊት ተቀመጪ።"

ወደ ቤት ስንመለስ አደይ ታክሲው መስኮት ጋ ተቀምጣ ደምበልን አልፈን ወሎ ሰፈር እስክንደርስ ጣቶቿን ደጋግማ ስትቆጥር ነበር። ሌላ ጊዜ ሾፌሩን ሳይቀር ታዋራለች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ በላቸው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እኔ እንደለመድኩት የሶፋውን መደገፊያ ይዤ ልነሳ ስል ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። አደይ ናት። እጇ ቀላል አይደለም።

"ተቀመጪ ጓለይ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀና ብላ ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። "ይቅርታ ጋሽ በላቸው፤ እሷ አትነሳም። እኔ ለሁለታችንም ተነስቻለሁ። ኖር።"

ጋሽ በላቸው ትንሽ ግራ ገባቸው። ከዚያ በእግዜር አሉ፤ ጎንበስ ብለው እንደተቀመጥኩ ሳሙኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩ ሲንኳኳ የምትነሳው እሷ ሆነች። እስከ ደረጃው የምትሸኘውም እሷ። ሰው ተቀይሞ እንደሆነ አላውቅም፤ የተቀየመ ቢኖርም እሷን ደፍሮ የሚናገር አልተገኘም።

ሆቴሉ ግን እንዳለ ነበር፤ ወሩም እያለቀ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ባንኮኒውን ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ የመግቢያው መስታወት በር ተከፍቶ አደይ ገባች። እዚያ ሆቴል ረግጣ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የበዓል ጫማዋን አድርጋ፣ ምሳ ዕቃ ይዛለች። ደነገጥኩ። አቶ ግርማ ሎቢው ውስጥ ነበሩ። እናቴ መሆኗን ቤቲ ስትነግራቸው እንደ ወጉ ፈጠን ብለው ሄዱ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሷት፣ ሎቢው ውስጥ ያለውን ትልቅ ሶፋ አሳይተው ይቀመጡ እናቴ አሏት።

አደይ ሶፋውን ገልመጥ አደረገችው። ዝቅ ያለ ነው፣ ከተቀመጥኩበት ጉልበቴ አያስነሳኝም፣ ከፍ ያለ ወንበር ካለ ግን ደስ ይለኛል አለቻቸው። አቶ ግርማ አስተናጋጅ እንኳ አልጠሩም። ራሳቸው ወደ ባሩ ሄደው መደገፊያ ያለው ረጅም ወንበር ተሸክመው መጡ። አደይ ተባረክ ብላ ወንበሩን ተቀበለቻቸውና መጎተት ጀመረች። ከእኔ አጠገብ ልትሆን የፈለገች መስሏቸው አብረው ገፉላት። ባንኮኒውን ዞራ ገብታ በትክክል ከኋላዬ አቆመችው።

"ተቀመጪ" አለችኝ። ከዚያ ለአቶ ግርማ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኔ እዚሁ ጎኗ እቆማለሁ።"

ተቀመጥኩ። አቶ ግርማ እኔንና ወንበሩን እያፈራረቁ አዩ። በገዛ እጃቸው ለአንዲት እናት ያመጡትን ወንበር እንዴት ብለው ይንጠቁ? ወግ አክባሪነታቸው እሳቸውንም አሰራቸው። በዚሁ መሐል አንድ እንግዳ ቦርሳውን ይዞ መጣ። እኔ ቁጭ እንዳልኩ እንኳን ደህና መጡ አልኩት። መታወቂያውን ሰጠኝ፣ ቁልፉን ሰጠሁት፣ ወደ ሊፍቱ ሄደ። ሰማይ አልተደፋም። አቶ ግርማ ሌላ ወንበር ለአደይ አስመጡና እኔን በለሆሳስ "ለጊዜው ነው" አሉኝ።

ስልክ ክፍል የሚለው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም። "ለጊዜው" የመጣው ወንበር ለዓመታት እዚያው ኖረ፤ ቤቲም ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ተቀመጠችበት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ዛሬም ያበሳጨኛል። የሐኪም ወረቀት ያላስገኘውን፣ የዓመታት ሥራዬ ያላስገኘውን፣ የአንዲት እናት ነጠላ አስገኘው። እንደ አደይ ያለ ሰው የሌለው በሽተኛስ ምን ይሁን?

ከዚያ ወዲህ መዳን ቀስ እያለ መጣ፤ አንዳንዴ ለሳምንት ወደኋላ ተመልሶ፣ አንዳንዴ ሳላስበው ጠዋት ላይ ደህና ሆኜ እየነቃሁ። ታክሲው ከሚያወርደኝ ቦታ እስከ ሆቴሉ ድረስ ያለውን መንገድ መጀመሪያ በየሱቁ ደጃፍ እየቆምኩ፣ ከዚያ ሳልቆም፣ ከዚያም ከቤቲ ጋር እያወራሁ መሄድ ቻልኩ፤ ከሥራ በኋላም ጊዜ ሲኖረኝ በእግሬ እስከ መስቀል አደባባይ መውረድ ለመድኩ። ደረጃው ላይ በየፎቁ አርፋለሁ፤ አሁን ግን ስልክ የማወራ አልመስልም፣ ጎረቤት ሲያገኘኝ እያረፍኩ ነው እለዋለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ የተለየ ሕመም ሊኖራችሁ ይችላል፤ ክኒናችሁን በራሳችሁ እንዳትቀንሱ፣ እንዳታቆሙም። ድካሙን ግን ለሐኪማችሁ በዝርዝር ንገሩ፤ ደከመኝ ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መቼ፣ ምን ስታደርጉ፣ ስትነሱ ነው ወይስ ስትሄዱ። በየወሩ የታዘዘላችሁን መርፌ ደህና ነኝ ብላችሁ አትዝለሉ። ልጃችሁ ጉሮሮውን ታሞ ጉልበቱ ካበጠ በቅቤ አሽታችሁ አትለፉት። ጠያቂ ስትሆኑ ደግሞ በሽተኛውን ገና ከበሩ ላይ ሆናችሁ እንዳትነሳ በሉት፤ ከብርቱካኑ ይልቅ ያ ይጠቅመዋል። ለዶክተሯ፣ ቱቦውን ላስገቡት እጆች፣ በሻንጣ ክፍሏ ደጃፍ ስትጠብቀኝ ለነበረችው ቤቲ ምስጋናዬ አያልቅም።

አደይ አሁን አርጅታለች። ያኔ ለአቶ ግርማ እንደ ሰበብ ያቀረበችው ጉልበቷ እውነትም እምቢ ብሏታል። ባለፈው ጋሽ በላቸው በከዘራቸው እየተረዱ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተው ሊጠይቋት መጡ። የሶፋውን መደገፊያ ይዛ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ያዝኩት።

"ተቀመጪ አደይ" አልኳት፤ ቀድሜ ብድግ ብዬ ነበር፣ ዓይኔም አልጨለመም። "እኔ ለሁለታችንም ተነስቻለሁ።"